ጋዝ ሲስፋፋ፦ የችኮላ ዋጋ በጁል ሲለካ



ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጥያቄ አጭር ነው። እስከ 10 ባር የታመቀ 29 ግራም አየር አለ እንበል፤ የሙቀት መጠኑ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ አየር ተስፋፍቶ ግፊቱ ወደ 1 ባር ይወርዳል፤ የሙቀት መጠኑም መጨረሻ ላይ ያው 27 ዲግሪ ይሆናል። አየሩ ስንት ጁል ሥራ ሠራ?

መልሱ ከ0 እስከ 5743 ጁል ድረስ የትኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። መነሻው ያው፣ መድረሻው ያው፣ አየሩም ያው ሆኖ ሳለ በአንዱ መንገድ ምንም አይገኝም፣ በሌላው 5743 ጁል ይገኛል። (አንድ ጁል ማለት አንድ ኪሎ ስኳር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሥራ ነው።) ተማሪ ሳለን ይህንን ነገር ያገኘነው በሎጋሪዝም ቀመር ውስጥ ተሸፍኖ ነው። ቀመሩን ሸመደድነው፣ ለፈተና ጻፍነው፣ አለፍነው። ቀመሩ ግን ስለ ሞተር፣ ስለ ኮምፕረሰር፣ ስለ ማቀዝቀዣ፣ ስለ እንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚናገረው ብዙ ነገር አለ፤ ዛሬ ያንን ያለ ሎጋሪዝም ማሳየት እፈልጋለሁ።

ሲሊንደሩን እንዲህ እናቁመው። አፉን ወደ ላይ ያደረገ ቀጥ ያለ የብረት ሲሊንደር ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ያለ ሰበቃ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄድ፣ ክብደቱ ከቁጥር የማይገባ ፒስተን አለው። ዙሪያውን 27 ዲግሪ ላይ ያለ ብዙ ውኃ ከቦታል፤ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ውኃው ሙቀት ይሰጠዋል፣ መሞቅ ሲጀምርም ትርፉን ይቀበለዋል። አየሩ 10 ባር ላይ ሳለ ይዘቱ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ፒስተኑ ከወለሉ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይቆማል። ግፊቱ ወደ 1 ባር ሲወርድ ይዘቱ አሥር እጥፍ ይሆንና ፒስተኑ 2 ሜትር ተኩል ላይ ይደርሳል። እዚያ እስኪደርስ ታች ይዞ ያቆየው ምንድን ነው? ከባቢ አየሩ በራሱ 1 ባር ይጫነዋል። የቀረውን 9 ባር የሚጫንልን ጤፍ ነው፤ ከ9 ኩንታል በትንሹ የሚበልጥ፣ ሲሰላ 917 ኪሎ የሚሆን ጤፍ ፒስተኑ ላይ ተከምሯል።

አሁን ጤፉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን እንግፋው። ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል፣ በመጨረሻ 2 ሜትር ተኩል ላይ ይረጋል። አየሩ ምን ገፋ? ከላይ የነበረውን ከባቢ አየር ብቻ። ሥራው ሲሰላ 2245 ጁል ይሆናል። ከ917 ኪሎው ውስጥ አንዲት ፍሬ ጤፍ እንኳ ከነበረችበት ከፍ አላለችም።

በሁለት እርከን እንሞክረው። መጀመሪያ 697 ኪሎ እንቀንስና 220 ኪሎ እንተውበት። ፒስተኑ 220 ኪሎውን ተሸክሞ 54 ሴንቲ ሜትር ይወጣና ይቆማል። በዚያ ከፍታ በተሠራ መደርደሪያ ላይ ጤፉን እናንሸራትተዋለን፤ ፒስተኑም ባዶውን ቀሪውን መንገድ ይጨርሳል። ከባቢ አየሩን የገፋበት ጭምር ሲደመር 3411 ጁል ሆነ። ጭነቱን የቀነስነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የተገኘው ሥራ ግን ከመጀመሪያው በግማሽ ጨመረ።

ወደ አሥር እርከን እንለፍ፤ በየእርከኑ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ እንዲቀንስ ጤፉን እየመጠንን እናንሣ። 5130 ጁል ይገኛል። በመቶ እርከን 5678 ጁል። ጤፉን አንድ በአንድ፣ ፍሬ በፍሬ ብናነሣ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 5743 እጅግ ይጠጋል፤ ከዚያ በላይ ግን አንዲት ጁል አይጨምርም። ጣሪያው እሱ ነው። ጣሪያው የተወሰነውም በሰው ብልሃት ወይም በብረቱ ጥራት አይደለም፤ በአየሩ መጠን፣ በሙቀት መጠኑና ግፊቱ አሥር እጥፍ በመውረዱ ብቻ ነው።

የልዩነቱ ምክንያት ይህ ነው፦ ሥራ የሚለካው ከፊት ለፊት በቆመው ተቃውሞና በተሄደው ርቀት ነው። ጋዙ በውስጡ 10 ባር ቢይዝም ከፊቱ የቆመው 1 ባር ከሆነ የሚቆጠርለት 1 ባር ነው። ጤፉን ቀስ በቀስ ስናነሣ በየደቂቃው ከፒስተኑ በላይ ያለው ጭነት ከታች ካለው ግፊት በአንዲት ፍሬ ብቻ ያንሳል፤ ስለዚህ ጋዙ በእያንዳንዷ ሚሊ ሜትር የሚችለውን ያህል ይገፋል። በአንድ ጊዜ ስናነሣው ግን የመጀመሪያው 10 ባር፣ ቀጥሎ ያለው 9 ባር፣ 8 ባር ሁሉ ተቃዋሚ ሳያገኝ ያልፋል።

ተቃዋሚው ጨርሶ ሲጠፋስ? ይህንን በ1845 (ከዚህ በኋላም የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል ሞክሮታል። ሁለት የመዳብ ዕቃዎችን በቧንቧ አገናኘ፤ አንዱን እስከ 22 አትሞስፌር በሚደርስ ግፊት በአየር ሞላ፣ ከሌላው አየሩን መጥጦ አወጣ። ሁለቱንም ውኃ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው ያለውን ቧንቧ ከፈተው። አየሩ ወደ ባዶው ዕቃ ገብቶ ሁለቱን እኩል ሞላ። የውኃው የሙቀት መጠን ግን ቴርሞሜትሩ ሊያሳየው በሚችለው መጠን አልተለወጠም። ፒስተን የለም፣ ጭነት የለም፣ የተገፋ ነገር የለም፤ ሥራው ዜሮ ነው። የእኛም አየር ወደ ባዶ ቦታ ቢለቀቅ ዕጣው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን ልንመለከተው የሚገባ ጥያቄ ይነሣል። በአንዱ መንገድ 5743፣ በሌላው 2245 ጁል ከተገኘ ልዩነቱ 3498 ጁል የት ገባ? ብዙ ሰው ወዲያው የሚሰጠው መልስ «ወደ ሙቀት ተለወጠ» የሚል ነው። በዚህ መስፋፋት ግን ያ መልስ ልክ አይሆንም። አየሩ በመነሻውም በመድረሻውም 27 ዲግሪ ነው፤ ግፊቱ ይህን ያህል በሆነ አየር ውስጥ ያለው ጉልበት ደግሞ ከሙቀት መጠኑ ጋር እንጂ ከይዘቱ ጋር ብዙም አይሄድም። ስለዚህ አየሩ ለሠራው ሥራ ሁሉ ጉልበቱን ያመጣው ዙሪያውን ከከበበው ውኃ ነው። ፍሬ በፍሬ ሲሆን ከውኃው 5743 ጁል ሙቀት ቀድቶ ሁሉንም ሥራ አደረገው። በአንድ ጊዜ ሲሆን የቀዳው 2245 ብቻ ነው። 3498ቱ ጁል የትም አልሄደም፤ ከውኃው ውስጥ ንቅንቅ አላለም። የጠፋው ጉልበት ሳይሆን ያንን ጉልበት ወደ ሥራ የመለወጥ ዕድል ነው። አየሩ አንዴ ተስፋፍቷልና ያ ዕድል በነፃ ተመልሶ አይመጣም።

አይመጣም ስል በምን አውቀዋለሁ? አየሩን ወደ ቦታው መልሰን እንየው። መመለሻው መንገድ ሒሳቡን ሁሉ ይገልጠዋል።

ፒስተኑ 2 ሜትር ተኩል ላይ ነው። 917 ኪሎውን ጤፍ በአንድ ጊዜ እንልቀቅበት። ይወርዳል፣ ይነጥራል፣ ቆይቶ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ይረጋል። ጤፉና ከባቢ አየሩ በአንድነት አየሩ ላይ የሠሩት ሥራ 22449 ጁል ነው። ስንሄድ ያገኘነው 2245፣ ስንመለስ የከፈልነው 22449፤ አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። አሁን በእርግጥ ወደ ሙቀት የተለወጠ ነገር አለ፦ በደርሶ መልሱ የተጣራው ከ20 ሺህ ጁል በላይ ውኃው ውስጥ ገብቷል። በሁለት እርከን መመለስ 10787 ጁል ይፈጃል። በአሥር እርከን 6458። በመቶ እርከን 5810።

ሁለቱን የቁጥር መስመሮች ጎን ለጎን ተመልከቷቸው። ሲሄድ 2245፣ 3411፣ 5130፣ 5678። ሲመለስ 22449፣ 10787፣ 6458፣ 5810። አንዱ ከታች ሽቅብ ይወጣል፣ ሌላው ከላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ የሚገናኙት 5743 ላይ ነው። በዚያች ነጥብ ላይ የመሄጃውና የመመለሻው ዋጋ እኩል ይሆናል፤ አየሩ ተስፋፍቶ ያነሣው ጤፍ አየሩን ራሱን መልሶ ሊያምቀው በትክክል ይበቃል፣ በዓለም ላይም ከዚህ ድርጊት የተረፈ ምልክት አይኖርም። የሚቀለበስ ሂደት የሚባለው ይህ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ የመቶ እርከኑም ጭምር፣ የማይቀለበስ ነው፤ ልዩነታቸው የኪሳራው መጠን ነው። በእኔ አስተያየት ይህ በሙቀት ሳይንስ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያምረው ነው። አንድ ተማሪ ወረቀትና እርሳስ ይዞ እነዚህን ስምንት ቁጥሮች በገዛ እጁ ቢያወጣ ቀመሩን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውሲየስ በ1865 ኢንትሮፒ ብሎ የሰየመው መጠን የዚህ ኪሳራ መዝገብ ነው። የእኛ አየር ወደ ባዶ ቦታ ሲለቀቅ ኢንትሮፒው በ19.1 ጁል በኬልቪን ያድጋል፤ ይህንን በ300 ኬልቪን፣ ማለትም በ27 ዲግሪ ብናባዛው ያንኑ ያመለጠንን 5743 ጁል ይሰጠናል፤ ጥቂቱ ልዩነት ከማጠጋጋት የመጣ ነው። በሚቀለበሰው መንገድ ደግሞ አየሩ ያገኘውን ያህል ኢንትሮፒ ውኃው ስለሚያጣ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ለዛሬ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ይህ ዕውቀት የተወለደው ከእንፋሎት ሞተር ነው። ጄምስ ዋት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩትን ሞተሮች ሲመረምር አንድ ብክነት አየ፤ ፒስተኑ መንገዱን እስኪጨርስ ድረስ እንፋሎቱ ከቦይለሩ በሙሉ ግፊት ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ግፊቱ ገና ሳይቀንስ ይለቀቃል። በ1782 ባገኘው ፓተንት ውስጥ መፍትሔውን አሰፈረ፦ እንፋሎቱን መጀመሪያ ላይ ብቻ አስገባ፣ ቫልቩን ዝጋ፣ የገባው እንፋሎት እየተስፋፋ ፒስተኑን ይግፋው። በቀላሉ እንኳ ብናሰላው፣ ቫልቩ በመንገዱ ሩብ ላይ ቢዘጋ የሚፈጀው እንፋሎት ሩብ ብቻ ሆኖ የሚገኘው ሥራ ግን የሙሉው 60 በመቶ ገደማ ነው። ከአንድ ኪሎ እንፋሎት የሚገኘው ሥራ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። የተለወጠው ቫልቩ የሚዘጋበት ጊዜ ብቻ ነበር።

ዋት ያደረገውን በመርህ ያስቀመጠው ግን ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ ነው። በ1796 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ ላዛር ካርኖ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የጦር ሠራዊት አደራጅ ብቻ ሳይሆን የማሽኖች ሊቅም ነበር፤ በ1783 ባሳተመው ድርሰት ማሽን ያለ ኪሳራ እንዲሠራ ክፍሎቹ እርስ በርስ መጋጨት፣ ፍጥነታቸውም በድንገት መለወጥ እንደሌለበት አስተምሯል። ልጁ የአባቱን ሐሳብ ከብረት ወደ ሙቀት አሻገረው። በ1824 ባሳተማት፣ 118 ገጽ ባላት ትንሽ መጽሐፍ የሙቀት ሞተር ከፍተኛውን ሥራ እንዲሰጥ የሙቀት መጠናቸው የተለያየ አካላት በቀጥታ ተነካክተው ሙቀት መተላለፍ እንደሌለበት ገለጠ፤ የሙቀት መጠን ልዩነት ካለ ልዩነቱ ጋዝን በማስፋፋት ወይም በማመቅ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ይህ ሐሳብ ከእኛ የጤፍ ክምር ጋር አንድ ነው፤ ከፊቱ ተቃዋሚ ሳያገኝ የሚያልፍ ልዩነት ሁሉ፣ የግፊትም ይሁን የሙቀት፣ ያመለጠ ሥራ ነው። መጽሐፏን በዘመኑ ያነበባት ጥቂት ሰው ነው። ካርኖ በ1832 በኮሌራ ሲሞት ዕድሜው 36 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መሐንዲሱ ኤሚል ክላፔሮን ሐሳቡን በግፊትና በይዘት ሥዕል አስቀመጠው፤ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምናየው የተጠማዘዘ መስመር ከዚያ የመጣ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ወደ ዝግታ የሚያደላ ይመስላል። ታዲያ ሞተሮቻችን ለምን አይዘገዩም? ጤፉን ፍሬ በፍሬ ማንሣት ማለቂያ የሌለው ጊዜ ይወስዳል። ሥራው ከፍተኛ ነው፣ በሰከንድ የሚገኘው ሥራ ግን ዜሮ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር መብራት አያበራም፣ መኪና አያስነሣም። ስለዚህ መሐንዲስ ሁልጊዜ ይገበያያል፤ ጥቂት ሥራ ይሰጣል፣ ጊዜ ይገዛል። በ1975 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከርዘንና አልቦርን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዚህን ገበያ ዋጋ በቀላል ቀመር አሰሉት፤ ሙቀት ለመተላለፍ ጊዜ የሚወስድ ከሆነና ከሞተሩ የምንፈልገው በሰከንድ ከፍተኛውን ሥራ ከሆነ ብቃቱ ስንት ይሆናል? ከዚያ ቀመሩን ከእውነተኛ ኃይል ማመንጫዎች ጋር አነጻጸሩት። አንዱ ኢጣሊያ ውስጥ በላርዴሬሎ ያለው የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫ ነበር፤ በ1904 ፕሪንስ ፒዬሮ ጂኖሪ ኮንቲ ከምድር በወጣ እንፋሎት አምስት አምፖሎች ያበራበት ቦታ ነው። እንፋሎቱ 250 ዲግሪ፣ የሚወጣበት 80 ዲግሪ ነው። የካርኖ ጣሪያ፣ ማለትም ያለ ኪሳራ በሚሠራ ሞተር ከሙቀቱ ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችለው ድርሻ፣ 32 በመቶ ገደማ ይፈቅዳል። አዲሱ ቀመር ወደ 18 በመቶ አካባቢ ይላል። ማመንጫው በተጨባጭ የሚሰጠው 16 በመቶ ነበር። እንግሊዝ አገር በዌስት ተሮክ በነበረው የድንጋይ ከሰል ማመንጫም የካርኖ ጣሪያ 64፣ የእነርሱ ስሌት 40፣ የተለካው 36 በመቶ ሆኗል።

እኛም አሉቶ ላንጋኖ ላይ ከምድር የሚወጣ እንፋሎት ተርባይን ሲያዞር አይተናል፤ 7 ሜጋዋት ገደማ አቅም ያለው የሙከራ ማመንጫ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተተክሎበታል። የስምጥ ሸለቆን እንፋሎት ለማልማት በምንነጋገርበት ጊዜ ስለ ጉድጓዱ ሙቀት ብቻ ሳይሆን እንፋሎቱ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ተርባይኑ ድረስ በስንት ማነቆ እንደሚያልፍ መጠየቅ ይገባናል። ቫልቭ ላይ ያለ ሥራ የወደቀ እያንዳንዱ ባር እንደ ጄምስ ጁል ባዶ ዕቃ ነው፤ ምንም ሳይገፋ አለፈ።

ቫልቭና ፒስተን ፊት ለፊት የተፎካከሩበት አንድ ታሪክ አለ፤ አየርን ወደ ፈሳሽነት የመለወጥ ጥረት ነው። አየር ፈሳሽ እንዲሆን ከዜሮ በታች 190 ዲግሪ ገደማ መቀዝቀዝ አለበት። ጋዝ ደግሞ ከውጭ ሙቀት ሳያገኝ ተስፋፍቶ ሥራ ሲሠራ ይቀዘቅዛል፤ ሥራውን የሚከፍለው ከራሱ ነውና። ያንኑ የ10 ባር አየር በውኃ መከበቡን ትተን ሙቀት በማያስገባ ሲሊንደር ውስጥ ብናስፋፋው፣ በሚቀለበሰው መንገድ ከዜሮ በታች 118 ዲግሪ ይደርሳል። ጭነቱን በአንድ ጊዜ ካነሣንለት የሚደርሰው ከዜሮ በታች 50 ገደማ ላይ ብቻ ነው። በጠባብ ቫልቭ ውስጥ ብናሳልፈው ግን የሚቀዘቅዘው ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው።

ጀርመናዊው ካርል ሊንደ በ1895 ደካማውን መንገድ መረጠ፤ ቫልቭ። አየሩን በከፍተኛ ግፊት አመቀ፣ በቫልቭ ለቀቀ፣ ትንሽ የቀዘቀዘውን አየር መጪውን እንዲያቀዘቅዝ ወደ ኋላ መለሰ፤ ቅዝቃዜው በቅዝቃዜ ላይ እየተደመረ ፈሳሽ አየር ወጣ። በ1902 ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሎድ አየሩን በእውነተኛ የፒስተን ሞተር ውስጥ እየተስፋፋ ሥራ እንዲሠራ አደረገና በአነስተኛ ግፊት ውጤት አገኘ። ችግሩ ሌላ ነበር፦ በዚያ ቅዝቃዜ የተለመደው የማለስለሻ ዘይት ይረጋል፣ ፒስተኑም ይያዛል። የሊንደ ቫልቭ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው አይያዝም። የሊንደን ምርጫ የማደንቀው ለዚህ ነው፤ ኪሳራውን እያወቀ፣ ስንት እንደሆነ ለክቶ ከፈለው። በ1939 የሶቪየቱ ፊዚክስ ሊቅ ፒዮትር ካፒትሳ በፒስተኑ ምትክ ትንሽ ፈጣን ተርባይን አስገብቶ 6 ባር ገደማ በሚሆን ግፊት አየርን ወደ ፈሳሽነት መለወጥ ቻለ። ለብረት ማቅለጫና ለሆስፒታል ኦክስጅንን ከፈሳሽ አየር የሚለዩ ትላልቅ ፋብሪካዎች ዛሬ የሚጠቀሙት የተርባይኑን መንገድ ነው። የቤታችን ማቀዝቀዣ ግን እስከ አሁን የሊንደን መንገድ ይከተላል፤ ፈሳሹ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ሲያልፍ ግፊቱ ያለ ሥራ ይወድቃል። ለአንድ ፍሪጅ ተርባይን መግዛት አያዋጣምና ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ትክክለኛ ያልሆነው ኪሳራ ሳይለካ የሚከፈለው ነው፤ እንደ እኔ እምነት በአገራችን ትልቁ የዚህ ዓይነት ኪሳራ የሚገኘው የታመቀ አየር ላይ ነው። ጎሚስታ ቤት የምናየው ኮምፕረሰር፣ የጋራዡ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሁሉ አየር ያምቃል። ኮምፕረሰሩን በእጃችሁ ብትነኩት ያቃጥላል። ያ ሙቀት የተከፈለ ኤሌክትሪክ ነው። የእኛን 29 ግራም አየር ከ1 ወደ 10 ባር በአንድ ሲሊንደር ሳያቀዘቅዙ ማመቅ ሰበቃውን ሳንቆጥር እንኳ 8100 ጁል ገደማ ይፈጃል፤ አየሩም 300 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ጋኑ ውስጥ ገብቶ ይበርዳል፤ ሙቀቱም ወደ ጎዳናው ይሄዳል። በሁለት ሲሊንደር፣ በመካከል በማቀዝቀዣ ቱቦ አሳልፈው ቢያምቁት 6800 ጁል ይበቃዋል። እስከ መጨረሻው እየቀዘቀዘ ቢታመቅ ያችው 5743 ትሆናለች። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የእርከኑን ትምህርት በብረት ተጽፎ ያሳያሉ።

ኪሳራው በመውጫውም በኩል አለ። ጋኑን እስከ 10 ባር ሞልቶ ለ3 ባር ሥራ በመቀነሻ ቫልቭ አውርዶ መጠቀም የተለመደ ነው። ያች ቫልቭ ከ5743ቱ ውስጥ 3000 ጁሉን፣ ከግማሽ በላዩን፣ ድምፅ ሳታሰማ ትጥለዋለች። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ግን ሁሉንም ቆጥሯል።

እንግዲህ በየጋራዡ፣ በየወርክሾፑና በየፋብሪካው ኮምፕረሰር የምታሠሩ ሁሉ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ መጀመሪያ መሣሪያዎቻችሁ የሚፈልጉትን ግፊት አረጋግጡ፤ ከዚያ የኮምፕረሰሩን ማቆሚያ ተመልከቱ። 7 ባር ለሚበቃው ሥራ 8 ባር ላይ የሚያቆም ኮምፕረሰር ከሚገባው 6 በመቶ ያህል የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል። ማስተካከያውን ለማዞር መፍቻ ብቻ ይበቃል።